ምንሽሩ የተኛበት አልጋ

ከቤቴ ጀርባ ያለው ልብስ ሰፊ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናውን ዘይት ይቀባል። ሽታው በመስኮት ሲገባ ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ወጥ እያማሰልኩ ከሆነ ማንኪያው ድስቱን እንዳይመታው እጠነቀቃለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ «እማዬ፣ ደግሞ ማን ተኛ?» ይሉኛል። እነሱ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው፣ ብነግራቸውም አያምኑኝም። አንቺ ግን ከጠየቅሽኝ አይቀር ልንገርሽ።

ያደግኩት አዳማ ነው፤ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ቤታችን ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ስለማይርቅ ባቡሩ ሲያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። ጓሮው ውስጥ ከዋናው ቤት ተለይታ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረች። የእንግዳው ክፍል እንላታለን። የገጠር ዘመድ ሲመጣ ግን እዚያ አይተኛም፤ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፍለታል። እንግዳው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኛ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር።

እንግዳውን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ደንቡን ነው። ከምሳ በኋላ በዚያ በኩል አይጮኽም፣ ኳስ አይመታም፣ በሩ አይነካም። «እንግዳው ተኝቷል» ይሉን ነበር አያቴ። አያቴ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። ማለዳ ማለዳ የክፍሏን በር ገርበብ አድርገው «አካም ቡልቴ?» ይላሉ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ከዚያ አንድ ሰው ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል ይቆማሉ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በሩን ይዘጋሉ። ከእኛ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ የሚያወሩ ሰው ከእንግዳው ጋር ለምን በኦሮምኛ እንደሚያወሩ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ልጅ ስትሆኚ ቤትሽ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ያለ ይመስልሻል።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ አያቴ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው በሩ ሳይዘጋ ቀረ። ገባሁ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በመዝጊያው ስንጥቅ የገባ ቀጭን ብርሃን አልጋው ላይ ወድቋል። ክፍሉ የስፌት መኪና ዘይትና ያረጀ ቆዳ ይሸት ነበር። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ ረጅምና ከሰው ሁሉ የቀጠነ ነገር ጋደም ብሏል። አናቱ ትራስ ላይ ነው። ፊቱን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ፣ አዙሯል። እንደቆምኩ አልጋው አንዴ ሲጥጥ አለ።

ሳቂ ከፈለግሽ። የናዝሬት የቀትር ሙቀት ቆርቆሮውንም እንጨቱንም እንደሚያስጮኽ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ለሦስት ቀን ትኩሳት ያዘኝ፤ እናቴም ወባ ነው ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም።

ጠመንጃ መሆኑን ያወቅኩት ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። ማወቄም አላቀለለልኝም፤ እንዲያውም ሰው ቢሆን ይሻል ነበር አልኩ። ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል አለ፣ አልጋ ሥር የሚደብቅ አለ። አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ትራስ ሰጥቶ፣ በብርድ ጊዜ ብርድ ልብስ የሚደርብለት ግን ከአያቴ ሌላ አላየሁም።

አባቴ ያቺን ክፍል አይወዳትም ነበር። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። ውሸት አይወድም ብልሽ አይበቃም፤ ውሸት አይችልም። ስልክ ሲደወል «የለም በሉት» ማለት ስለማይሆንለት ስንቱን ነዝናዛ ሲያናግር ኖሯል። አንድ ጊዜ የጸሎት ቡድኑን ይዞ መጥቶ በእንግዳው በር ላይ እጃቸውን ጭነው ጮክ ብለው ሲጸልዩ፣ አያቴ ለካ ከውስጥ ነበሩ። «ቀስ በሉ፣ ትቀሰቅሱታላችሁ» አሏቸው። ጸሎቱ እዚያው ላይ አሜን ተባለ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አያቴ አልጋ ያዙ። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው አባቴና እኔ አጠገባቸው ተቀምጠን ሳለ ዓይናቸውን ገለጡ። «በእጄ ቀብሬው መጣሁ» አሉ። «ስደርስ ሠርግ ሆነ። ሠርግ ላይ እንዴት ይነገራል?» አባቴ ጎንበስ ብሎ «ማንን ነው የቀበሩት፣ አባባ?» አላቸው። አያቴ ወደ ጓሮው አዩ። «ቤቱ አድርሱት» አሉ። ቤቱ የት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ ቀበሌው በውርስ የተገኘ መሣሪያ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። ከማን እንደተገኘ ያልታወቀ በሁለት ወር ውስጥ ለፖሊስ ይሰጣል ተባለ። አባቴን ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ እንዲወጣ የጸለየበት ብረት በራሱ ጊዜ ሊወጣለት ነው። እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። «የአባቴ ኑዛዜ ቤቱ አድርሱት ነው እንጂ መጋዘን አስገቡት አይደለም» ይል ነበር። የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብን፣ በሁለት ወር ውስጥ።

መጀመሪያ የወሰድነው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወደሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር ነበር፤ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። ጠረጴዛቸው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው አጋደሙት። «ምንሽር ነው፤ የጣሊያን» አሉ። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በመነጽር አዩና «ይኼ የሚነግርህ የተሠራበትን ነው፣ ሰውየውን አይነግርህም» አሉት አባቴን። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሲስቡት ግን እጃቸው ቆመ።

«ጎርሷል» አሉ።

አንዲት ጥይት መዳፋቸው ላይ ወደቀች። አስቢው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ጥይት ጎርሶ በራችንን ሲያይ ኖሯል፣ እኛም በዚያ በር ፊት ድብብቆሽ ስንጫወት። ሰውየው ጥይቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው የታችኛውን ጫፍ አሳዩን። መሐሉ ላይ ምስር የምታህል ጎድጓዳ ነበረች። «ተመትታ ከሽፋለች» አሉ። «ባለቤቱ ምላጩን ስቦ ነበር፣ እምቢ አለው። ለሁለተኛ ጊዜ ለማቀባበል ጊዜ ያገኘ አይመስለኝም።» አያቴ በየሳምንቱ ዘይት ሲቀቡት ጥይቷን ሳያዩዋት አልቀሩም። ያልነኳት የዚያ ሰው እጅ የመጨረሻ ሥራ ስለሆነች ይመስለኛል። ጡረተኛው ጥይቷን ለአባቴ ዘረጉለት፤ አባቴ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ብረቱ ዝም ሲለን ማንገቻውን አሰብኩ። ይህች የእኔ ሐሳብ ነበረች፣ ዛሬም ስለሷ ጉራ ብነዛ አይፈረድብኝም። ማንገቻው የበሬ ቆዳ ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊና ነጭ ጨሌ ተሰፍቶበታል። ፈትቼ በፌስታል ይዤው ገበያ ሄድኩ፤ የአርሲ ሴቶች የሚያጌጡበትን የጨሌ ሥራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጋ። ሴትዮዋ ፊቱን አላየችውም፤ ወዲያው ገልብጣ ጀርባውን አየች። የስፌት ሥራ ሲገለበጥ ነው የሚታወቀው አለችኝ።

«ይህ የመርቲ በኩል እጅ ነው» አለች። «የሰፋችው ደግሞ ልጅ ናት። ጣቷ ስላልጠና ክሩን አላጠበቀችውም። እዪ፣ እዚህ ጋ ሰማያዊው አልቆባት በቢጫ ጨርሳዋለች። ገበያ እስኪደርስ ያልጠበቀ ሰው ነው፣ ቸኩሎባታል።» ከዚያ በአውራ ጣቷ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ቦታ ዳበሰችውና ቀና ብላ አየችኝ። «ሞቷል አይደል?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት «ቆዳው አልሳሳም» አለች። «ቢኖር ኖሮ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ከጥቂት ወር በላይ አልያዘውም።» ያን ዕለት ከገበያ ስመለስ ያን ፌስታል ከሰውነቴ አርቄ ነበር የያዝኩት።

መርቲ አርሲ ውስጥ ያለ ወረዳ ነው፣ ከተማው አቦምሳ። አባቴ እዚያ የሚያስተምር አንድ የድሮ ወዳጅ ነበረው። አስተማሪው በየሽማግሌው ቤት ዞሮ ጠየቀ፤ በጣሊያን ጊዜ አዲስ ማንገቻ የተሰፋለትን ምንሽር ይዞ ወጥቶ ያልተመለሰ የማን ልጅ ነው? ቀበሌው ከሰጠን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲቀር በአንድ ሾፌር እጅ መልእክት ደረሰን። አንድ ሽማግሌ ነበሩ የላኩት። «ኑ፤ ግን ሸፍናችሁ አምጡት። እህቱ በሕይወት አለች። እስከ ዛሬ እየጠበቀችው ነው፤ እኛ ሳንነግራት አንድ ቃል እንዳትናገሩ» ይላል።

ፖሊስ ጣቢያ የይለፍ ደብዳቤ ጻፉልንና አንድ ሐሙስ ጠዋት ተነሳን። ምንሽሩን በአያቴ ጋቢ ጠቅልለን በእኔና በአባቴ መሐል አቆምነው፤ አናቱ የአባቴን ትከሻ ተደግፏል። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ረዳቱ ሰው እየቆጠረ መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ጣቱን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አደረገና አለፈ። አባቴ አይቶ ነበር። እንደወትሮው ቢሆን «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል፣ ሁለት ነን» ብሎ ያርም ነበር፤ ያን ቀን ግን ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከሶደሬ በኋላ መንገዱ የአዋሽን ዳር እየተከተለ በብርቱካን እርሻ መሐል ያልፋል። ሙቀቱ ቢያፍንም የአበባው ሽታ በመስኮት ሲገባ ደስ ይል ነበር። ሰዉ እየተንጫጫ፣ ዶሮ እግራችን ሥር እየተራገጠ፣ አባቴ አንዴም ሳይናገር ተጓዝን። አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ጋቢው ወደ እኔ ያጋድላል። እኔም እንደተኛ ተሳፋሪ በእርጋታ አቃናዋለሁ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ መፍራቴን ተውኩ፤ ይህ ግን ከፍርሃቱ የባሰ ነበር። እንዳይጋጭ ክንዴን በጀርባው አሳልፌ ይዤው ነበር።

ሽማግሌው አቦምሳ መናኸሪያ ላይ ጠበቁን። ዓይናቸው የደከመ፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራቸውን ከመሬት የማያነሱ ሰው ነበሩ። ወደ ቤታቸው ወስደው ከግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጡንና የሆነውን ነገሩን። በአማርኛ ጀምረው ሲከፋቸው ወደ ኦሮምኛ ይሻገሩ ነበር፣ አባቴ ይከተላቸዋል።

ወጣቱ ምንሽሩን ከጣሊያን ማርኮ ቤቱ ለሁለት ቀን ብቻ ብቅ ብሎ ነበር። አሥር ዓመት የማይሞላት ታናሽ እህቱ በእነዚያ ሁለት ቀናት ማንገቻውን ሰፋችለት። ከዚያ ጓደኛው ከሆነው ከሌላ ወጣት ጋር ሄደ። ወራት አለፉ። ታላቅ እህታቸው በምትዳርበት ቀን ያ ጓደኛ ብቻውን መጣ፤ በትከሻው ሁለት ጠመንጃ ይዞ። እኔና አባቴ ተያየን፤ ያ ጓደኛ አያቴ ነበሩ።

«ሠርገኛው ሞልቷል፣ ይዘፈናል» አሉ ሽማግሌው። «እናትየው ሮጣ ወጥታ አቀፈችው። ልጄስ? አለችው። እኔ እዚያ ነበርኩ። አፉን ከፍቶ ቆመ። ሙሽራይቱ ቆማለች፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ደህና ነው፣ ከኋላዬ እየመጣ ነው አላት።»

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። በመንገድ አይነገርም፣ በሰው ደስታ ላይ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰውየው ከአልጋው ሲነሳ ነው የሚነገረው። አያቴ ደንቡን ጠብቀው ነበር። ሊነግሩ ያሰቡት በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይመስለኛል። ግን ትንሿ ልጅ ማንገቻዋን አውቃ «ለምን አንተ ያዝከው?» ስትላቸው «ደክሞት ሰጠኝ» አሏት። እናትየው ደስ ብሏት እግራቸውን አጠበች፣ መረቀቻቸው። ለሁለተኛ ጊዜ አፍ የሚከፈተው እንዴት ነው? ሲነጋ አያቴ አልነበሩም፤ ሁለቱንም ጠመንጃዎች ይዘው ሄደዋል፤ የራሳቸውን ግን ቤታችን አይቼው አላውቅም። እናትየው ልጇን ስትጠብቅ ሞተች። ደህና ነው የተባለ ሰው አይለቀስለትምና ለልጁ ለቅሶ አልተቀመጡም። ከዚያ ወዲህ የምትጠብቀው እህቲቱ ነበረች።

ሽማግሌው እስከ ጎሕ እሳቸው ቤት ሊያሳድሩን ነበር ሐሳባቸው። አቦምሳ ግን ወሬ የሚታፈንባት ከተማ አይደለችም። ገና ወሬያቸውን ሳይጨርሱ የግቢው በር ተንኳኳ። እህትየዋ ራሳቸው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩ። ከሩቅ እንግዳ መጣ በተባለ ቁጥር መጥተው ይጠይቃሉ አሉ፤ ሾፌሩን፣ ነጋዴውን፣ ወታደሩን። «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ብለው በደህና መምጣታችንን ባረኩና ሳይቀመጡ አባቴን አዩት። ምናልባት መልኩ፣ አያቴን ይመስል ስለነበር፣ አንድ ነገር ነክቷቸው ይሆናል።

«ወንድሜን የምታውቅ ትመስላለህ» አሉት። «ደህና ነው?»

ሽማግሌው በሴትዮዋ ጀርባ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አባቴን ለመኑት፤ አንድ ሌሊት ብቻ፣ ደንቡ እስኪደርስ። አባቴ አፉን ከፈተ። ዝም ቢል ዝምታው ራሱ መርዶ ነው፣ እውነቱን ቢናገር ሴትዮዋ በሰው ደጅ ቆመው መርዶ ሊሰሙ ነው፣ ሊዋሽ ደግሞ አይችልም። አያቴ የቆሙበት ቦታ ላይ ልጃቸው ቆሞ ነበር፤ ልጅየው ግን እንደ አባቱ አልሆነለትም።

«ደህና ነው፣ እማማ» አልኩ እኔ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሴትዮዋ ዞረው አዩኝ። ፊታቸው በራ፤ ሌላ ቃል የለኝም። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አሁን አልቆይም፣ የምትበሉትን ልላክ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጥ ሮጥ እያሉ ነበር የሄዱት። አባቴ እስከ ዛሬ ያችን ቃሌን አላነሳብኝም፤ አልወቀሰኝም፣ አላመሰገነኝም። እኔ ግን ያን ቀን አያቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኋቸው። አንድ ቃል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ ከወጣ በኋላም እንዴት እንደሚከብድ።

ሳይመሽ ከሴትዮዋ ቤት ወተት መጣ። ሦስት ኩባያ ነበር። የሽማግሌው ምራት ለሽማግሌው መስሏት አንዱን ልታቀርብላቸው ስትል ወተቱን ያመጣው ልጅ «ለሦስቱ እንግዶች ነው የተባልኩት» አለ። ሴትዮዋ ያዩት እኔንና አባቴን ብቻ ነው፤ ጋቢው ያለው እውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ነበር። ሦስተኛው ኩባያ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፤ ማንም አልጠጣውም፣ ማንም ሊያነሳው አልፈለገም።

ምራትየዋ እያፈረች አጫወተችን። ሴትዮዋ ባለፈው ዓመት ለወንድማቸው ከዘራ አስጠርበዋል፤ አርጅቷል፣ መንገዱ ይከብደዋል ብለው። ክረምት ሲመጣ ጉልበቱን ያመዋል ይሉ ነበር። ከዘመድ ጋር ቁጭ ብለው ሲያወሩ «አሁንማ ጆሮውም አይሰማም ይሆናል» እያሉ ይስቁ ነበር አለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ወጣ።

ጎሕ ሲቀድ ሄድን። አራት ሽማግሌዎች ከፊት፣ አባቴ ከኋላ ምንሽሩን በሁለት እጁ አጋድሞ፣ ሳይሸፍነው። ከተማው ገና አልነቃም፤ አንድ የጋሪ ፈረስ ብቻ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማል። ሴትዮዋ ግቢያቸውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አራት ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት አብረው ሲመጡ አዩ። በዚያ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መጥረጊያውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉት፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቆመው ጠበቁን።

ሽማግሌው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ አልጮኹም። ወደ አባቴ ሄደው ማንገቻውን ያዙ፣ ጣታቸው ቢጫው ጨሌ ላይ እስኪደርስ ዳበሱት።

«መቼ?» አሉ።

«ከሠርጉ በፊት ነው» አሏቸው ሽማግሌው።

«የት ነው ያለው?»

አባቴ ተንበረከከ። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አፈሩ ላይ። «አላውቅም፣ እማማ» አለ። «አባቴ ነው የቀበረው። የት እንደሆነ ሳይነግረን ሞተ። ስልሳ ዓመት በቤታችን አኑረን ያላመጣንልዎ እኛ ነን። ይቅር ይበሉን።»

ሴትዮዋ ጣታቸውን ከቢጫው ጨሌ ላይ አላነሱም። «ያን ቀን እናቴ አባትህን ስትመርቀው አለቀሰ» አሉ በመጨረሻ። «ለሠርግ የመጣ ሰው ይህን ያህል ያለቅሳል እንዴ ብለን ሳቅንበት።» ከዚያ አባቴን በብብቱ ይዘው አስነሱትና ምንሽሩን ከእጁ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ሽማግሌዎቹ በደንቡ አስመዝግበው ለቤተሰቡ እንዳቆዩት በኋላ ሰምቻለሁ። የእኛ ክፍል ባዶ ቀረ፣ እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥበት ጀመር።

ጎረቤቱ ገና ሳይሰማ፣ ገና ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሴትዮዋ ከበራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ጠሩኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልልሽም፣ አላውቀውም። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ «እማማ፣ ትናንት...» ስል አስቆሙኝ። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ።

«ሃያ።»

አገጬን ይዘው ፊቴን ወደሚነጋው ብርሃን አዞሩት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ዓይኔን አንድ በአንድ አዩ፤ እንዲያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። «ከዚህ ሲወጣ እሱም ሃያ ቢሆነው ነው» አሉ። «እስከ ትናንት ከእኔ ጋር እያረጀ ነበር። ፀጉሩ ነጥቦ፣ ጥርሱ ወልቆ ነበር እኔ የማስበው። ወንድሜ፣ ለካ ይህችን ታክላለህ። ለካ ልጅ ነህ።»

ያኔ ነው ያለቀሱት። የሰባ ዓመት አሮጊት ታላቅ ወንድማቸውን «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ አለቀሱ፤ ለቀስተኛው ግቢውን እስኪሞላው ድረስ እጄን አልለቀቁም።